ከብልቃጡ እስከ ውጤቱ ወረቀት፦ ባዮፕሲና ባዮማርከር ምን ይናገራሉ፣ ምንስ አይናገሩም?

ፓቶሎጂ ክፍል (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት) የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ «ውጤቱ ለምን ዘገየ?» የሚል ነው። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን «ናሙናው በምን ሁኔታ ደረሳችሁ?» ነበር። ካንሰር አለ ወይም የለም ብሎ የሚፈርመው ፓቶሎጂስቱ ቢሆንም የሚያየው የተላከለትን ብቻ ነው። በመንገድ ላይ የተበላሸ ናሙና በምንም መሣሪያ አይድንም። የደም ጠቋሚም (ባዮማርከር) ቢሆን ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የተጠየቀው ጥያቄ ከተሳሳተ መልሱ ያሳስታል። ይህን የምንጽፈው ባዮፕሲ (ከሰውነት ሥጋ ቆንጥሮ መመርመር) ለታዘዘላቸውና ለአስታማሚዎቻቸው፣ እንዲሁም ናሙና ወስደው ለሚልኩ ባለሙያዎች ነው።

ብልቃጡና ፎርማሊኑ

ሥጋ ከሰውነት እንደተነጠለ ደም ይቋረጥበታል፤ ሕዋሶቹም በገዛ ኢንዛይማቸው መፍረስ ይጀምራሉ። ይህን ባለበት የሚያስቆመው ፎርማሊን ነው። ትክክለኛው 10 በመቶ ሆኖ በፈር (አሲድነትን የሚከላከል ጨው) የገባበት ፎርማሊን ነው። ሳይቀጥን የሚሸጠው ፎርማሊን ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዲሃይድ ስላለው 1 እጁ ለ9 እጅ ውሃ ተደርጎ ይቀጠናል። በውሃ ብቻ ቀጥኖ በፈር ሳይጨመርበት የቆየ ግን አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ በስላይዱ ላይ ቡናማ ብናኝ ይዘራል፣ ዲኤንኤውንም ይቆራርጣል። ኋላ የጂን ምርመራ ሲታዘዝ «ከናሙናው በቂ ዲኤንኤ አልተገኘም» የሚለው መልስ አንዳንዴ መነሻው ይኸው ነው።

መጠኑ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚደርሰን ተቃራኒው ነው፤ ቡጢ የሚያህል ዕጢ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ፈሳሹ ዳር ዳሩን ብቻ አርሶት። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ቢበዛ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ መሃል በገባ ቁጥር ደግሞ ይዘገያል። ሳይሸነሸን የተነከረ የ5 ሳንቲ ሜትር ዕጢ ውጩ ጠንክሮ መሃሉ በስብሶ ይመጣል። ቢላዋ ሲገባበት ግራጫና ደረቅ የሆነው ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሄዶ ያልቅና ቀይ ቡናማ፣ የሚንሸራተት መሃል ይከፈታል፤ ሽታው ከዓይን ይቀድማል። ከዚያ መሃል የሚቆረጠው ስላይድ የሕዋስ ጥላ እንጂ ሕዋስ አያሳይም።

ስለዚህ ትልቅ ናሙና በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ልዩነት ተሸንሽኖ፣ በመካከሉ ጋዝ (የቁስል ጨርቅ) ገብቶበት ይነከር። ቀዶ ሐኪሙ «ጠርዙ ከዕጢ ነጻ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ግን በዘፈቀደ አይቁረጠው። መጀመሪያ አቅጣጫው በክር ምልክት ይደረግበት፤ ለጡት ናሙና የተለመደው አጭሩ ክር ወደ ላይ፣ ረጅሙ ወደ ጎን ነው። ጠርዙ በቀለም ከተቀባ በኋላ ነው የሚሸነሸነው። ቀለምና የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያ ከሌለ በብዙ ፎርማሊን ነክሮ ወዲያውኑ መላክ ይሻላል።

አፈ ጠባብ ጠርሙስ ሌላው ጣጣ ነው። ሥጋው ለስላሳ ሳለ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ፎርማሊን ካደረቀው በኋላ ግን አይወጣም። ያለው ምርጫ ጠርሙሱን መስበር ወይም ናሙናውን እየቆራረጡ ማውጣት ነው፣ በሁለቱም ጠርዙ ይበላሻል።

ሳላይን ማስቀመጫ አይደለም፤ መበስበሱን አያስቆምም። አልኮል ሥጋውን ያኮማትራል፤ በዚያ ላይ የኢሚኖሂስቶኬሚስትሪ ማቅለሚያዎች (በፀረ እንግዳ አካል ፕሮቲን የሚፈልጉት) ተሞክረው የጸደቁት በፎርማሊን በቆየ ሥጋ ላይ ስለሆነ በአልኮል የመጣ ናሙና ላይ ውጤታቸው አይታመንም። በኢንዶስኮፒ የሚወጡት የሩዝ ፍሬ የማያህሉ ቁራጮች ደግሞ ደረቅ ጋዝ ላይ ሲቀመጡ በደቂቃዎች ይደርቃሉ፤ ከጋዙም ሲላቀቁ ይቀደዳሉ።

ፎርማሊን ሊነካቸው የማይገባም አሉ። ሊምፎማ (የንፍፊት ካንሰር) የተጠረጠረበት ንፍፊት ለፍሎ ሳይቶሜትሪ (ሕዋሶችን አንድ በአንድ ለሚለየው ምርመራ) የሚሆን ክፍል ትኩሱን መምጣት አለበት። ለቲቢ ካልቸር የሚሄደው ቁራጭም እንዲሁ፤ ፎርማሊን ባክቴሪያውን ይገድለዋል። በቀጭን መርፌ የተወሰደና በአየር የደረቀ ስላይድ ደግሞ ክፍት ፎርማሊን አጠገብ አይቀመጥ፤ እንፋሎቱ ብቻ ቀለም እንዳይቀበል ያደርገዋል። አንድ ሳጥን ውስጥ አብረው ተጉዘው ስላይዱ ደብዝዞ የሚመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ስሙ የሚጻፈው በብልቃጡ አካል ላይ እንጂ በክዳኑ ላይ አይደለም። አምስት ብልቃጦች በአንድ ጊዜ ተከፍተው ሲዘጉ ክዳን ይቀያየራል፤ የአንዱ ካንሰር ለሌላው ይሰጣል። ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ ሁለቱም ይጻፉ። ከየት እንደተወሰደም ይጨመር፤ «አንትረም» (የጨጓራ ታችኛው ክፍል)፣ «ፊንጢጣ»፣ «የግራ ጡት 2 ሰዓት ላይ» እያሉ።

ስለ ጡት ካነሳን ጊዜም ይመዝገብ። ናሙናው ከወጣ በ1 ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት፣ እዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት አለበት። ከዚህ ካነሰ ወይም ከበለጠ የኤስትሮጅን ተቀባዩና ሄር2 የሚባለው ፕሮቲን ባሉበት የሌሉ መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ያ ማለት ለታካሚዋ የሚጠቅም መድኃኒት በሐሰት ይከለከላል ማለት ነው። ዓርብ ከሰዓት ተነክሮ ረጅም በዓል የተከተለው ናሙና የሚያስጨንቀን ለዚህ ነው።

አጃቢው ወረቀት

ብልቃጡ ምንም ያህል ቢያምር ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ግማሽ ሥራ ነው። «የጨጓራ ናሙና፣ ሕመም» የሚል ወረቀት ይመጣል። ከዚህ ፓቶሎጂስቱ የሚያገኘው ነገር የለም። አሁን ይህን እዩ፦ «ዕድሜ 52፤ 3 ወር የቆየ የክብደት መቀነስ፤ አንትረም ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ቁስለት፣ ጠርዙ ያበጠ፤ ከጠርዙ 6፣ ከመሃሉ 1 ቁራጭ ተወስዷል፤ ኦሜፕራዞል ለ2 ወር እየወሰዱ ነው፤ ከ5 ዓመት በፊት ሊምፎማ ታክመዋል።» ይህን ያነበበ ሰው ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት) ተደብቆ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ሊምፎማውን ለማጣራት ሲዲ20 የሚባለውን ማቅለሚያ ይጨምራል፤ ቁስለቱ አስጊ መሆኑን አይቶም ናሙናው ከተቀበረበት የሰም ብሎክ ጠለቅ ያለ ቁራጭ እንዲቆረጥ ያዛል። ሥጋው ያው ነው፤ ልዩነቱ ሦስት መስመር ጽሑፍ ነው።

በተለይ የጨረር ሕክምና የወሰደ ሰው ይህ ሳይጻፍለት አይላክ። ጨረር ጤነኛ ሕዋስን አሳብጦ አስኳሉን ስለሚያጠቁር ካንሰር ያስመስለዋል።

ቁስለት ላይ ናሙና ሲወሰድ ከመሃሉ ብቻ አይወሰድ። መሃሉ የሞተ ሥጋና መግል ነው፤ ውጤቱም «ኢንፍላሜሽን ብቻ» ተብሎ ይመለሳል። ከጠርዙ ዙሪያና ከመሠረቱ ከ6 እስከ 8 ቁራጭ ይወሰድ። ኢንዶስኮፒስቱ ካንሰር ነው ብሎ ናሙናው «ካንሰር የለበትም» ካለ ሁለቱ ተጣልተዋል ማለት ነውና ምርመራው ይደገማል። ወረቀቱን ይዞ በእፎይታ ወደ ቤት መሄድ አይገባም።

ለምን ቀናት ይፈጃል?

ናሙናው በዓይን ታይቶ ይለካል፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተቆርጦ ካሴት ውስጥ ይገባል። ሌሊቱን በማሽን ውስጥ ውሃው በአልኮል፣ አልኮሉ በዛይሊን፣ ዛይሊኑ በ60 ዲግሪ ገደማ በቀለጠ ፓራፊን ሰም ይተካል። ማግስቱን ብሎክ ይሆናል፤ ከብሎኩ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ያለው ገለፈት ይቆረጣል (1 ማይክሮን የሚሊ ሜትር 1000ኛ ነው)፣ በሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ይቀለማል፣ ይነበባል። አጥንት ከሆነ ካልሲየሙ እስኪወጣ ቀናት ይጨመራሉ። ለማፋጠን ጠንካራ አሲድ መጠቀም ለዓይን ምርመራው ይበቃ ይሆናል፤ ዲኤንኤውን ግን ያጠፋል። የጂን ምርመራ ሊከተል ከቻለ ካልሲየሙን በዝግታ የሚያወጣው ኢዲቲኤ ይሻላል። የኢሚኖሂስቶኬሚስትሪ ማቅለሚያ ሲጨመር ለእያንዳንዱ አዲስ ገለፈት ይቆረጣል፤ ትንሽ ናሙና እንግዲህ በዚህ መሃል ያልቃል።

ጨጓራና አንጀት

የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ማለትም ኤች ፓይሎሪ፣ ታሪኩ ራሱ ከፓቶሎጂ ይጀምራል። አውስትራሊያዊው ፓቶሎጂስት ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1979 በጨጓራ ናሙና ላይ ጠማማ ባክቴሪያዎችን አየ፤ አሲድ ባለበት ምንም አይኖርም ይባል በነበረበት ዘመን። ከባሪ ማርሻል ጋር የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው።

ዛሬ ትልቁ ስህተት የምርመራው ሰዓት ነው። ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ ባክቴሪያውን ቁጥሩን ይቀንሱታል፤ ከአንትረም ወደ ጨጓራው አካልም ያሸሹታል። ስለዚህ ከትንፋሽ፣ ከሰገራ አንቲጂን ወይም ከባዮፕሲ ምርመራ በፊት እነዚህ መድኃኒቶች ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክና ቢስመት ለ4 ሳምንት መቆም አለባቸው (ደም የሚፈስ ቁስለት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያቁም)። ባዮፕሲ ከሆነ 5 ቦታ ይወሰዳል፦ ከአንትረም 2፣ ከአካሉ 2፣ ከጠማማው ጎን 1። ከአንትረም ብቻ ወስዶ «የለም» ማለት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ዋጋ የለውም። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀራል፤ መዳንን ለማረጋገጥ በፍጹም አይታዘዝ። መዳኑን ለማረጋገጥ ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት ቆይቶ በትንፋሽ ወይም በሰገራ ነው።

ሴሊያክ በሽታ በግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ፕሮቲን) ምክንያት የትንሹ አንጀት ጣቶች የሚረግፉበት ነው። የመጀመሪያው ምርመራ ቲቲጂ-አይጂኤ የሚባለው የደም ምርመራ ሲሆን ጠቅላላው አይጂኤ ደግሞ አብሮ ይለካ። ከሴሊያክ ታካሚዎች ከመቶው 2 ወይም 3 ያህሉ አይጂኤ የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ጨርሶ ስለማያመርቱ ውጤታቸው በሐሰት ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ለእነሱ በአይጂጂ የሚሠራው ምርመራ አለ። ሌላው ወጥመድ ታካሚው «ስንዴ ሳቆም ተሻለኝ» ብሎ ወራት ከቆየ በኋላ መመርመሩ ነው። ግሉተን ካልተበላ ደሙም አንጀቱም ይድናል፤ ምርመራውም ባዶ ይሆናል። ምግቡን ከማቆም በፊት ተመርመሩ።

ናሙናው ከዱዮዲነሙ (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ሁለተኛ ክፍል ቢያንስ 4፣ ከመጀመሪያው ክፍል 1 ወይም 2 ይሁን፤ ጉዳቱ እንደ ነብር ቆዳ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። እኛ የምንቆጥረው በ100 የገጽ ሕዋሶች መካከል የገቡትን ሊምፎሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሶች ነው፤ ከ25 በላይ ከሆኑ ጥርጣሬ ይነሳል። ቁራጩ በብሎኩ ውስጥ ተዘንብሎ ከተቀበረ ጣቶቹ ያልሆኑትን ያህል አጭር ይመስላሉ፤ ስለዚህ ብሎኩ ቀልጦ ተስተካክሎ የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። የረገፉ ጣቶች ሁሉ ሴሊያክ አይደሉም፤ ጃርዲያ፣ ኦልመሳርታን የሚባለው የደም ግፊት መድኃኒትና የተወለደ የመከላከያ አቅም ጉድለትም ያረግፏቸዋል። ደሙና ሥጋው ካልተስማሙ «ሴሊያክ» የሚለው ስም ለዕድሜ ልክ ስለሚሰጥ ሁለት ጊዜ ይታሰብበት።

ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ለወራት ያስቸገረው ሰው ኮሎኖስኮፒ ያስፈልገዋል ወይ? እዚህ ላይ ካልፕሮቴክቲን የሚባለው የሰገራ ጠቋሚ ጥሩ በር ጠባቂ ነው። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ወደ አንጀት ሲፈስ የሚተወው ፕሮቲን ነው። ከ50 ማይክሮግራም በግራም በታች ከሆነ የአንጀት ብግነት የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ250 በላይ ሲሆን ፍለጋው ይቀጥላል፤ በመካከል ያለው ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከፍ ያደርጉታል፤ ተራ የአንጀት ኢንፌክሽንም እንዲሁ። ቁጥሩ «ብግነት አለ» ይላል፤ ክሮንስ (ዘላቂ የአንጀት ብግነት በሽታ) ይሁን አሜባ ይሁን አይለይም።

ያንን የሚለየው ሥጋው ነው። ከ5 ቦታ፣ ኢሊየምን (የትንሹ አንጀት መጨረሻ) እና ፊንጢጣን ጨምሮ፣ ከየቦታው ቢያንስ 2 ቁራጭ በየራሱ ብልቃጥ ይወሰድ። ሁሉንም በአንድ ብልቃጥ መክተት የበሽታውን ካርታ ማጥፋት ነው፤ ሌላው ዘላቂ ብግነት አልሰራቲቭ ኮላይቲስ ከፊንጢጣ ተነስቶ ሳያቋርጥ ሲወጣ ክሮንስ እየዘለለ ይሄዳል፤ ይህን የምናየው የት እንደሆነ ካወቅን ብቻ ነው። ጠማማ የሆኑ የአንጀት ፈሳሽ አመንጪ ዕጢዎች (ካንሰር ያልሆኑ) ለመታየት ሳምንታት ስለሚፈጁ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተወሰደ ናሙና ኢንፌክሽንን ከዘላቂው በሽታ ላይለይ ይችላል።

ክሮንስና የአንጀት ቲቢ ደግሞ መንትያ ይመስላሉ። ሁለቱም ግራኑሎማ (የመከላከያ ሕዋሶች ክምችት) ይሠራሉ፣ ሁለቱም የኢሊየምና የሴከም (የትልቁ አንጀት መነሻ) መጋጠሚያን ይወዳሉ። የቲቢው ትልልቅ፣ እርስ በርስ የተገጣጠመና መሃሉ እንደ አይብ የፈረሰ ሲሆን የክሮንሱ ትንንሽና የተበታተነ ነው፤ በብዙ የክሮንስ ናሙናዎች ደግሞ ግራኑሎማ ጨርሶ አይገኝም። የቲቢ ባክቴሪያን የሚፈልገው የዚል-ኒልሰን ማቅለሚያ ባክቴሪያ ካላሳየ ቲቢ የለም ማለት አይደለም፤ በአንጀት ቲቢ ባክቴሪያው ጥቂት ነው። ጂንኤክስፐርትና ካልቸር አብረው ይላኩ፤ ለካልቸሩ ቁራጩ ትኩሱን መሄዱን ከላይ ያልነውን አስታውሱ። ልዩነቱ የስም ጨዋታ አይደለም፤ ቲቢ ላለበት ሰው ስቴሮይድ መስጠት በሽታውን መልቀቅ ነው።

በሰገራ የተሰወረ ደምን የሚፈልገው ኤፍአይቲ የሰውን ሄሞግሎቢን ብቻ ስለሚለይ በምግብ አይታለልም። ቅድመ ምርመራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መቁረጫ (ፖዘቲቭ የሚባልበት ቁጥር) 20 ማይክሮግራም በግራም ነው፤ ምልክት ላላቸው ሰዎች 10ን የሚጠቀሙ አሉ። ፖዘቲቭ ከሆነ ኮሎኖስኮፒ ይከተላል፤ ሌላ ኤፍአይቲ ሠርቶ «ሁለተኛው ኔጌቲቭ ነው» ብሎ የመጀመሪያውን መሰረዝ ስህተት ነው፤ ዕጢ በየቀኑ አይደማም።

በደም የሚለኩት ጠቋሚዎች

እዚህ ላይ አቋማችንን ቀድመን እንናገር፦ ምንም ምልክት በሌለው ሰው ላይ «የካንሰር ጠቋሚዎች ፓኬጅ» ማሠራት ከጥቅሙ ጭንቀቱ ይበልጣል። አብዛኞቹ ጠቋሚዎች የተሠሩት በሽታው ከታወቀ በኋላ ለመከታተል ነው።

ለትልቁ አንጀት ካንሰር የሚውለው ሲኢኤ መቁረጫው 5 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአጫሾች ከፍ ይላል፤ በጉበት በሽታና በአንጀት ብግነትም። ብዙ ገና ጀማሪ የትልቁ አንጀት ካንሰሮች ደግሞ ቁጥሩን አይነኩትም። ጥቅሙ ከቀዶ ሕክምና በፊት ተለክቶ፣ ከዚያ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወር ሲታይ ነው። ከቀዶው በፊት ያልተለካ ሰው ኋላ 8 ሲመጣበት ከምን ጋር ያነጻጽረው? ከፍ ካለ መጀመሪያ ይደገም፤ ኬሞቴራፒ ሲጀመር ለጊዜው የሚዘልበት አጋጣሚም አለ።

ሲኤ 19-9 ለቆሽት ካንሰር ይውላል፤ መቁረጫው 37 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው። የሐሞት ቧንቧ ሲዘጋ፣ በጠጠርም ቢሆን፣ ቁጥሩ በመቶዎችና ከዚያም በላይ ሊወጣ ይችላል። ዓይናቸው ቢጫ የሆኑ ታካሚዎች ሐሞቱ እስኪወርድ ቆይተው ይድገሙት። በሌላ በኩል ከ100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ሉዊስ የሚባለው የደም ዓይነት ስለሌላቸው ይህን ጠቋሚ ከነአካቴው አያመርቱም፤ ካንሰሩ ሞልቶ ቁጥራቸው ባዶ ይሆናል።

ኤኤፍፒ ለጉበት ካንሰር ነው። በእርግዝና፣ በንቁ ሄፓታይተስና ጉበት ራሱን ሲተካ ይነሳል፤ ትንንሽ የጉበት ካንሰሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ አያነሱትም። ስለዚህ ሲሮሲስ (የጉበት ጠባሳ) ያለበት ሰው ክትትሉ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ነው፤ ኤኤፍፒ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ሲሮሲስ ባለበት ጉበት ላይ የታየ ዕጢ በሲቲ ወይም በኤምአርአይ መልኩ ብቻ ካንሰር መሆኑ ሊረጋገጥ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ባዮፕሲ የግድ አይደለም።

ለእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የሚውለው ሲኤ 125 መቁረጫው 35 ዩኒት በሚሊ ሊትር ነው። በወር አበባ፣ በኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀን ውስጥ ሽፋን ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል) እና በማናቸውም የሆድ ውስጥ ፈሳሽ ይጨምራል። የሆድ ዕቃ ሽፋን ቲቢ ከፈሳሽና ከከፍተኛ ሲኤ 125 ጋር መጥቶ «የእንቁላል ማምረቻ ካንሰር» ተብሎ የተቀደደ ሆድ ጥቂት አይደለም። ከመቅደድ በፊት የሽፋኑ ባዮፕሲ ይቅደም።

ስለ ልኬቱም ሁለት ነገር። ክትትል የሚደረገው በአንድ ላቦራቶሪና በአንድ ዓይነት ማሽን ይሁን፤ ማሽን ሲቀየር ቁጥሩም ይለወጣልና በሽታው የጨመረ ይመስላል። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ ባዮቲን በብዛት የሚወስድ ሰው ደግሞ ለላቦራቶሪው ይንገር፤ ባዮቲን በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቁጥሩን በሐሰት ዝቅ ወይም ከፍ ያደርገዋል።

ከሥጋው የሚነበቡት ጠቋሚዎች

በደም የሚለኩት ሲያወላውሉ እነዚህ መድኃኒት ይመርጣሉ። የጡት ካንሰር ላይ የኤስትሮጅን ተቀባይ ከሕዋሶቹ 1 በመቶ ላይ እንኳ ከታየ ፖዘቲቭ ይባላል፤ ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለው «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» ነው። ሄር2 ከ0 እስከ 3+ ይሰጠዋል፤ 3+ ፖዘቲቭ ነው፣ 2+ ግን አልወሰነም ማለት ስለሆነ ፊሽ በሚባለው የጂን ምርመራ ይለያል። 2+ን ይዞ ሕክምና መጀመርም መተውም ልክ አይደለም። ሄር2 በጨጓራ ካንሰር ላይም ይሠራል፤ ግን አንዱ የዕጢው ክፍል ኖሮት ሌላው ላይኖረው ስለሚችል ከ1 ቁራጭ ላይ «የለም» ማለት አይቻልም።

አንድ የቤት ውስጥ ብልሃት እንንገራችሁ። «ኔጌቲቭ» የሚል ውጤት ሲመጣ በዚያው ስላይድ ላይ ያለውን ጤነኛ ሥጋ እናያለን። የጡት ጤነኛ ቧንቧ የኤስትሮጅን ተቀባይ አለው፤ እሱም ካልቀለመ ያልሠራው ማቅለሚያው ነው፣ ወይም ፎርማሊኑ። ምርመራው ይደገማል። በሪፖርቱ ላይ «ኢንተርናል ኮንትሮል ፖዘቲቭ» የሚል ሐረግ ካለ ይህ ታይቷል ማለት ነው፤ ከሌለ ጠይቁ።

የትልቁ አንጀት ካንሰር ሁሉ ኤምኤምአር ሊሠራለት ይገባል፤ የዲኤንኤ ስህተት የሚጠግኑ አራት ፕሮቲኖች ናቸው፦ ኤምኤልኤች1፣ ፒኤምኤስ2፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6። ከ100ው 15 በሚሆኑት ካንሰሮች ከእነዚህ አንድ ወይም ሁለት ይጠፋሉ። ኤምኤልኤች1 ከጠፋ ቢራፍ የሚባለው ጂን መለወጡ ወይም የኤምኤልኤች1 ሜቲሌሽን (ጂኑ በኬሚካል መዘጋቱ) ይታያል፤ ሁለቱም ካልተገኙ፣ ወይም የጠፋው ኤምኤስኤች2 ወይም ኤምኤስኤች6 ከሆነ፣ በቤተሰብ የሚወረሰው ሊንች ሲንድረም ይጠረጠራል፤ ወንድም፣ እህትና ልጆችም ይመከራሉ። ፕሮቲኑ የጠፋባቸው ካንሰሮች ለኢሚዩኖቴራፒ ጥሩ ምላሽ ስለሚሰጡ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፔምብሮሊዙማብን ዕጢው ከየትም ቢነሳ በዚህ ጠቋሚ ብቻ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ካንሰሩ ከተዛመተ ኬራስና ኤንራስ የሚባሉት ጂኖችም ይመረመራሉ። ከእነዚህ አንዱ ከተለወጠ ሴቱክሲማብና ፓኒቱሙማብ የሚባሉት መድኃኒቶች አይሠሩም፤ ገንዘብም ጊዜም ይባክናል፣ የቆዳ ሽፍታው ለከንቱ ነው። የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ዕጢ የሆነው ጂስት ደግሞ በሲዲ117 ይታወቃል፤ ሕክምናውም ኢማቲኒብ ነው።

የጂን ምርመራ የሚሄደው ብሎክ ላይ ስንት በመቶው የካንሰር ሕዋስ እንደሆነ ፓቶሎጂስቱ ይጻፍ። ዕጢው ከ10 እስከ 20 በመቶ በታች ከሆነ ለውጡ በጤነኛው ዲኤንኤ ተውጦ «አልተገኘም» ይባላል።

ወረቀቱ ሲደርሳችሁ

«በቂ ናሙና አይደለም» ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም፤ ምንም አልተባለም ማለት ነው። «አጠራጣሪ» ሲባል ለኬሞቴራፒ መነሻ አይሆንም፤ ናሙና ይደገማል። «ዲስፕላሲያ» ገና ያልወረረ ለውጥ ነው፤ «ኢን ሳይቱ» ካንሰር ቢባልም ከተነሳበት ሽፋን አልወጣም፤ «ኢንቬሲቭ» ወጥቷል። ግሬድና ደረጃም ይምታታሉ፦ ግሬድ ሕዋሱ ምን ያህል እንደከፋ፣ ደረጃ የት ድረስ እንደደረሰ ነው። ትልቁ አንጀት ተቆርጦ ከወጣ በሪፖርቱ ላይ ቢያንስ 12 ንፍፊት መቆጠሩን እዩ፤ «4 ታይተው ሁሉም ነጻ» የሚለው ደረጃውን ለመወሰን አይበቃም፣ ከስቡ ውስጥ ተጨማሪ እንዲፈለግ መጠየቅ ይቻላል።

ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያየው መፈለግ ስድብ አይደለም፤ ሊምፎማና ሳርኮማ ላይ በተለይ እኛው ራሳችን እንልካለን። ስትጠይቁ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ስላይዱንና ብሎኩን ጠይቁ። ሳይቀለሙ ተቆርጠው ከ6 ሳምንት በላይ የቆዩ ስላይዶች ለሆርሞን ተቀባይ ምርመራ አይሆኑም፤ ብሎኩ ግን ለዓመታት ይቆያል፣ አዲስ መድኃኒት ሲመጣም እንደገና ይቆረጣል። ስትረከቡ በላዩ ያለው ቁጥር ከሪፖርቱ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፣ ፈርማችሁ ውሰዱ፣ በጥጥ ጠቅልላችሁ ጠንካራ ሳጥን ውስጥ አድርጉት። ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥም አትተዉት፤ ሰም ነው።